ሦስት ፊደል፣ 645 ትርጉም

የሌሊት ተረኛዋ ወደ ቤቷ ለመሄድ ቸኩላለች፤ ሥራ የምታስረክበው ኮቷን እየለበሰች ነው። ከፊቷ የቆመችው ሥራ ከጀመረች ሳምንት ያልሞላት የእኛዋ እህት ናት እንበል። ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካሉት የአረጋውያን መንከባከቢያዎች አንዱ ነው። ተረኛዋ በአንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች፦ አራት ቁጥር ያሉት አባት «ረኒንግ ኤ ፊቨር» ናቸው፤ ጓንቱ «ረኒንግ ሎው» ነው፤ ሐኪሙ «ረኒንግ ሌት» ነው፤ እስኪመጣ «ረን» ብለሽ ከምድር ቤቱ ዕቃ ክፍል ጓንት አምጪ፤ የመታጠቢያ ቤቱን ውኃ «ረኒንግ» እንዳትተዪው፤ በይ ቻው!

እህታችን እንግሊዝኛ ጭራሽ የማታውቅ ሰው አይደለችም። ለሰርተፍኬት ፈተናው «ሃይፐርቴንሽን»፣ «ዲሃይድሬሽን»፣ «ኮንፊደንሻሊቲ» የሚሉትን ከነስፔሊንጋቸው ሸምድዳ ነው ያለፈችው። «ረን» ማለት ሮጠ ማለት መሆኑንማ ገና በልጅነቷ ታውቀዋለች። ችግሩም እሱ ነው። ጆሮዋ የሰማው ሽማግሌው እየሮጡ መሆናቸውን፣ ጓንቱ እየሮጠ መሆኑን፣ ሐኪሙ እየሮጠ መሆኑን፣ እሷም መሮጥ እንዳለባት፣ ውኃው ግን መሮጥ እንደማይፈቀድለት ነው። እውነቱ ሌላ ነው፦ አባት ትኩሳት አላቸው፣ ጓንት ሊያልቅ ነው፣ ሐኪሙ ይዘገያል፣ ቶሎ ወርዳ ታምጣ፣ ቧንቧውንም ትዝጋው።

እንዲህ ያለ ቀን የገጠመው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የሚወስነውን እናውቀዋለን። «እንግሊዝኛዬ ገና ነው፤ ከበድ ያሉ ቃላት ልጨምር» ይላል። አንድ ሺህ ከባድ ቃላት የሚል መጽሐፍ ይገዛል፣ ወይም ስልኩ ላይ በየቀኑ አዲስ ቃል የሚልክ አፕ ይጭናል። እኔ ደግሞ ተዉት እላለሁ። ከባዶቹ ቃላት ቀላሎቹ ናቸው። «ሃይፐርቴንሽን» ዱባይ ሄዳችሁ፣ ለንደን ሄዳችሁ፣ ያው የደም ግፊት ነው። አንዴ ካወቃችሁት አይከዳችሁም። ሰውን ሜዳ ላይ የሚጥሉት እነዚያ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ትንንሾቹ ናቸው።

ትንንሽ ስል መጠናቸውን እንጂ ሆዳቸውን ማለቴ አይደለም። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሆነው ፒተር ጊሊቨር «ረን» የሚለውን ግስ ብቻ አጣርቶ ለመጨረስ ዘጠኝ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። አንድ ቃል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት፣ በእኛ ቢጻፍ ሁለት። ጨርሶ ሲቆጥረው ግሱ 645 የተለያዩ ትርጉሞች ወጡለት። ከዚያ በፊት ዘውዱን ይዞ የኖረው ሌላ ባለ ሦስት ፊደል ቃል «ሰት» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው ባለ 20 ቅጽ ሁለተኛ እትም ላይ 430 ትርጉም ነበረው። ባለሙያ፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት፣ ቀኑን ሙሉ ከቃላት ጋር የሚውል ሰው ዘጠኝ ወር ከፈጀበት፣ ሳምንት ያልሞላት ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአምስት ትርጉም ሲወርድባት ብትደናገር ምን ይገርማል? ስለዚህ መጀመሪያ እፍረቱን ከላያችን እናውርድ። «ረን» ቀላል ቃል ነው ያለን ሰው አታሎናል።

ደግሞ ይህን የመሰለ ነገር ከዚህ በፊት ሠርተነዋል፤ ያውም ማንም ሳያስተምረን።

«ያዘ» የሚለውን ቃል እስቲ አስቡት። ታክሲ እንይዛለን። ጉንፋን ይይዘናል። ለወዳጅ ወንበር እንይዝለታለን። ቂም እንይዛለን፣ ቀጠሮ እንይዛለን፣ ሥራ እንይዛለን። ሌባ እጅ ከፍንጅ ይያዛል። አንዱን ፍቅር ይይዘዋል፣ ሌላውን እንቅልፍ። መኪናው ሃያ ኩንታል ይይዛል። የተተከለው ችግኝ ያዘ ወይስ አልያዘም እንላለን። ወደ አንድ ሰው ስንደውል «ስልኩ ተይዟል» ይባላል። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው ይህን ሰምቶ ስልኩን ማን እንዳሰረው ቢጠይቅ አንፈርድበትም። የአራት ዓመት ልጃችን ግን አይጠይቅም፤ አያቱ ስልክ ላይ ናቸው ማለት መሆኑ ገብቶታል። ይህ ልጅ ሰንጠረዥ አልሸመደደም፣ ትርጉም አንድ፣ ትርጉም ሁለት ብሎ አልቆጠረም። ቃሉን ከነጓደኛው ነው የሰማው፦ ጉንፋን ሲባል «ያዘኝ»፣ ቀጠሮ ሲባል «አለኝ» ወይም «ይዣለሁ»። በየቀኑ፣ በየጓዳው፣ በየደጁ።

አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ድንቅ ሥራ በ«ያዘ»፣ በ«ወጣ»፣ በ«ቆረጠ»፣ በ«መታ» ላይ ሠርቶ ጨርሷል። ቲኬት የቆረጠና ተስፋ የቆረጠ ሰው አንድ እንዳልሆኑ የሚያውቅ አእምሮ፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ድንገት ደንዝዞ አይቀርም። የሚያስፈልገው ያኔ ያገኘውን ዓይነት አቀራረብ ነው።

እንግዲህ ወደ «ረን» እንመለስና ልጅ እንደሚሰማው እንስማው።

645ቱን ትርጉሞች ላያቸው ሰው የተበታተነ መንጋ ይመስላሉ፤ ግን እረኛ አላቸው። ቃሉ ሥሩ ጥንታዊ ነው፣ የጀርመን ቤተሰብ ነው። የጀርመንኛ ዘመዱ «ሪነን» እስከ ዛሬ የሚናገረው ስለ ውኃ መፍሰስ ነው። ስለዚህ ወንዝ «ረን» ሲያደርግ፣ አፍንጫ «ረን» ሲያደርግ፣ ቧንቧ «ረን» ሲያደርግ ማንም ከሩጫ የተዋሰው ምሳሌ አይደለም፤ መፍሰስ ከቃሉ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ሁለቱን፣ የሚሮጥ እግርንና የሚፈስ ውኃን፣ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የጋራ ነገራቸው ይታያችኋል፦ ሳይቋረጥ ወደፊት መሄድ። ያንን ከያዛችሁ ቀሪው በራሱ ይፈታል። ነጩን ሸሚዝ ከቀዩ ጋር አጥባችሁ ቀለሙ ከለቀቀ ቀለሙ «ራን» ነው፤ ፈሰሰ። የሴት ስቶኪንግ አንድ ቦታ ተበጥሶ ሽቅብ ከተተረተረ አሜሪካኖቹ «ረን» ይሉታል፤ መስመሩ ሳይቆም ሄደ። መንገዱ ከዚህ እስከዚያ «ረን» ያደርጋል፤ ይዘልቃል።

ከዚያ ደግሞ ማሽን መጣ። ባቡር፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የፋብሪካ ሞተር፣ በመጨረሻም ኮምፒውተር። ለእነዚህ ሁሉ እንግሊዝኛ አዲስ ግስ አልፈጠረላቸውም፤ አሮጌውን ሰጣቸው። ሞተር ተነሥቶ ሳይቋረጥ ከሠራ «ረን» ነው። አውቶቡሱ በየሃያ ደቂቃው ከተመላለሰ «ረን» ነው። ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነና ከሠራ «ረን» ነው። ሞተር የሚንቀሳቀስ ከሆነ አንቀሳቃሽ አለዋ፤ እንግዲህ ሱቅ የሚያንቀሳቅስ፣ ድርጅት የሚመራ፣ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ «ረን» ያደርጋል። ጓንት «ረኒንግ ሎው» ሲሆን መጠኑ ወደ ታች እየሄደ ነው፤ ጨርሶ ሲያልቅ «ረን አውት» ይሆናል። ሐኪሙ «ረኒንግ ሌት» ሲሆን ቀኑ ከፕሮግራሙ ወደኋላ እየሄደበት ነው፤ መንገድ ላይ እየሮጠ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው።

አገሩም ልዩነት አለው። በአሜሪካ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው «ረን ፎር» ያደርጋል፤ ይሮጣል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ግን «ስታንድ ፎር» ነው፤ ይቆማል። ስቶኪንጉም በለንደን «ላደር» ነው፣ መሰላል። ምግብ ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ «ፉድ ረነር» የሚባለውን የሥራ መደብ ያውቁታል፤ ከወጥ ቤት ወደ ጠረጴዛ ሰሃን የሚያመላልሰው ነው። እርግጥ እዚያ ላይ ሩጫው ምሳሌያዊ አይደለም።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ማየት ለሚፈልግ ምሳሌው ከደጃችን ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሮጠ፤ «ራን»። ከዚያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተጀመረ፤ እንግሊዝኛ ስሙ «ግሬት ኢትዮጵያን ረን» ነው፤ እዚህ ላይ ቃሉ ግስ መሆኑ ቀርቶ ስም ሆኗል። ሆቴሎችና ሌሎች ሥራዎች ከፈተ፤ እነሱንም «ረን» ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ተወዳድሮ ነው፤ አሜሪካዊ ቢጽፈው «ራን ፎር» ይለዋል። እስከ 2018 ፌዴሬሽኑን መራ፤ እሱም «ራን»። አንድ እንግሊዝኛ ጋዜጠኛ ከፈለገ የዚህን ሰው ሕይወት ከሞላ ጎደል በአንድ ግስ ሊተርከው ይችላል። እኛ ግን አምስት ቃል ያስፈልገናል፦ ሮጠ፣ ሩጫ፣ ያንቀሳቅሳል፣ ተወዳደረ፣ መራ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቋንቋ ትምህርት አልፎ ወደ ኑሯችን የሚገባው። አንዲት ሴት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ለዓመታት መርታለች እንበል። አትክልት የሚገዛው በእሷ ትእዛዝ ነው፣ ፈረቃ የምታወጣው እሷ ናት፣ ሠርግ ሲመጣ ለአምስት መቶ ሰው የሚበቃውን የምታሰላው እሷ ናት፤ በዓል ሲደርስ ማን እንደሚያርፍ የምትወስነውም እሷው። አሜሪካ ወይም ጀርመን ሄደች፤ ለሥራ ተጠየቀች፦ አገርሽ ምን ትሠሪ ነበር? በእንግሊዝኛ ያላትን ፈለገችና «አይ ወርክድ ኢን ኤ ኪችን» አለች። ጠያቂዋ ሰሃን ታጥብ የነበረች ሴት በዐይኑ መጣችለት፤ የሰጣትም ሰሃን ማጠብ ነው። «አይ ራን ኤ ኪችን» ብትል ኖሮ፣ ከ«ወርክድ ኢን» ይልቅ «ራን» ብትል፣ ቀጣዩ ጥያቄ «ስንት ሰው ነበር በሥርሽ?» ይሆን ነበር። ሥራውን በእርግጥ ሰጥተዋት ነበር ወይ ለማለት አልደፍርም፤ የሥራ ገበያ የራሱ ጣጣ አለው። ግን ቢያንስ የገዛ ታሪኳን በልኩ ትናገር ነበር።

ስንቶቻችን ነን እንዲህ ራሳችንን አሳንሰን ያስተዋወቅነው? ሱቅ የነበረው «አይ ሶልድ ቲንግስ» ይላል። ትምህርት ቤት ያስተዳደረው «አይ ዎዝ ኢን ኤ ስኩል» ይላል፤ ተማሪ ይሁን ዘበኛ፣ ሰሚው የሚያውቀው ነገር የለም። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ የግስ እጥረት ነው። ለዚህ ደግሞ «አድሚኒስትሬሽን» እና «ሱፐርቪዥን» የሚሉ ረጃጅም ቃላት ፍለጋ መባዘን አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው፣ ትልልቅ ኃላፊዎች ሳይቀሩ፣ በእራት ጠረጴዛ ላይ ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ የሚመዙት ያችኑ ሦስት ፊደል ነው። ዛሬ ማታ መስተዋት ፊት ቆማችሁ ያስተዳደራችሁትን ነገር ሁሉ፣ ዕቁቡንም ዕድሩንም ጨምራችሁ፣ «አይ ራን» እያላችሁ ቁጠሩት። ዝርዝሩ ሲረዝም ትገረማላችሁ።

አንድ ቃል ብዙ ትርጉም እንዳለው ሁሉ፣ አንድ ትርጉምም ብዙ ቃላት አሉት። ተመሳሳይ ቃላት የምንላቸው ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ባለውለታ አለ፤ ፒተር ማርክ ሮጀት የሚባል ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1779 ለንደን ተወለደ፣ በ19 ዓመቱ ከኤድንብራ በሕክምና ተመረቀ። በ1805፣ ገና ወጣት ሐኪም ሳለ፣ ለራሱ መጠቀሚያ ብሎ በትርጉም የሚቀራረቡ ቃላትን በየወገኑ እየሰበሰበ በማስታወሻ መያዝ ጀመረ። ለማሳተም አላሰበም፤ ሲጽፍ ቃል እንዳያጥረው ብቻ ነበር። ሕክምናው አለ፣ ንግግር መስጠቱ አለ፣ ለሳይንስ ስሌት የሚያገለግል መሣሪያ መፈልሰፉ አለ፣ የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊነቱ አለ፤ ማስታወሻው ግን አብሮት ኖረ። ጡረታ ከወጣ በኋላ አቧራውን አራግፎ ተቀመጠበት። «ቴሶረስ» የተባለው መጽሐፉ የታተመው በ1852 ነው፤ ሮጀት 73 ዓመቱ ነበር። በ90 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ሲያርመው ኖረ።

«ጊዜዬ አልፏል» የምትሉ፣ ይህችን ሰባ ሦስት የምትል ቁጥር ልብ በሏት። በሃምሳ ዓመቱ እንግሊዝኛ ለመጀመር የሚያፍር አባት ካለ፣ ሮጀት ዓለም የሚያውቀውን ሥራ ሊያወጣ ገና ሃያ ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር በሉት።

የሮጀት መጽሐፍ ግን ለተማሪ አደገኛ ጎን አለው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። መጽሐፉ ቃላቱን ይደረድራል እንጂ ትርጉማቸውን አይነግርም። ቃላቱን አስቀድሞ ለሚያውቅና ለጊዜው ምላሱ ላይ ለጠፋበት ሰው የተሠራ ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ «ተመሳሳይ ቃል» ብለን ስንጠይቅ የሚመጣልንም ያው ነው። «ረን» ላለው «ጆግ»፣ «ስፕሪንት»፣ «ዳሽ»፣ «ቦልት»፣ «ፍሊ» ብሎ ያወርድልናል፤ እኛም ረዘም ወይም ቆንጠጥ ያለውን መርጠን ደብዳቤያችን ውስጥ እንሰካለን። ውጤቱን ለማየት ወደ አማርኛ መልሱት። ሮጠ፣ ጋለበ፣ ገሰገሰ፣ በረረ፣ ተፈተለከ፣ ፈረጠጠ፤ ሁሉም በፍጥነት ሄደ ነው አይደል? እንግዲያው «ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፈረጠጠ» በሉና ጻፉ። ሰው ይጣላችኋል! ፈረጠጠ ማለት ፈርቶ፣ ጥሎ፣ ሸሽቶ የሚሮጥ ነው። አንዲት ቃል ጀግናውን ፈሪ አደረገችው።

ያንን ውድድር እስቲ በእንግሊዝኛ ቃላቱ እንየው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር፣ 25 ዙር። አብዛኛው ዙር ላይ «ረን» ነው ቃሉ፤ «ጆግ» ማለት ስድብ ነው፣ «ጆግ» ጠዋት ጤናውን ለመጠበቅ ሰውነቱን የሚያፍታታ ሰው ነው። በመጨረሻው ዙር የኬንያው ፖል ቴርጋት ድንገት ፍጥነት ጨምሮ ወጣ፤ ያንን የአትሌቲክስ ሰዎች «ኪክ» ይሉታል። በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ሁለቱም ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ተጓዙ፤ ያ «ስፕሪንት» ነው፣ ለአጭር ርቀት ብቻ የሚቻል። ኃይሌ በሰከንድ መቶኛ ዘጠኝ ቀደመ። በዚያው ኦሊምፒክ ከ100 ሜትር የወንዶች ፍጻሜ የአንደኛና ሁለተኛ ልዩነት የጠበበ ነው። እንዲህ ባለ ውድድር ላይ «ረን»፣ «ኪክ»፣ «ስፕሪንት» የሚሉት ሦስቱ ቃላት አይቀያየሩም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሜትር አላቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ተንታኝ ውድድሩን አላየውም ማለት ነው።

የማስተዳደሩም ወገን እንዲሁ ነው። «ኦፐሬት» ማሽን ይወዳል፣ «ማኔጅ» ሰውና በጀት ይወዳል፤ በዚያ ላይ «ማኔጅ» እንደምንም ተወጣሁት ማለትም ይሆናል። ስለዚህ ተመሳሳይ ቃል ስታገኙ ወዲያው አትጠቀሙበት፤ መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚውል እዩት። ሰው በጓደኛው ይታወቃል እንላለን፤ ቃልም ያው ነው።

እሺ፣ 645ቱን ሁሉ ልንማር ነው? በፍጹም! ማይክል ዌስት የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች 2000 ያህል እጅግ አስፈላጊ ቃላት ዝርዝር አሳትሟል። የዝርዝሩ ብልሃት ቃላቱን መምረጡ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቃል የትኛው ትርጉም ምን ያህል እንደሚዘወተር በመቶኛ አስቀምጧል። አብዛኛውን ሸክም የሚሸከሙት ጥቂት ትርጉሞች ናቸው፤ የቀሩት የመርከበኛ፣ የአትክልተኛ፣ የሕግ ሰው፣ የክሪኬት ተጫዋች ናቸው። የእኛ ድርሻ ሥራ ቦታችንና ሰፈራችን ውስጥ የሚሰማው ነው። ከዌስት ጥቂት ቀደም ብሎ ጃፓን ውስጥ ያስተምር የነበረው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1942 ቶኪዮ ላይ ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት አወጣ። ዛሬ በየመጻሕፍት ቤቱ ያለው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ከእሱ የወረደ ነው። ሆርንቢን ያስጨነቀው ቃሉ ምን ማለት ነው የሚለው ብቻ አልነበረም፤ ከኋላው ምን ይከተላል፣ በምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል የሚለውም ጭምር ነው። መዝገበ ቃላት የምትገዙ ከሆነ የተማሪውን ግዙ፤ ትልቁን ለጊሊቨር ተዉለት።

ለማስታወሻ የሃምሳ ሉክ ደብተር ይበቃል። አንድ ገጽ ለአንድ ቃል። እዚያ ላይ ትርጉም አትጻፉ፤ የሰማችሁትን ዐረፍተ ነገር እንደወረደ ጻፉ፣ ማን እንዳለውና ምን ሲሆን እንዳለው ጨምሩበት። ከሥሩ ደግሞ ያንኑ ነገር ለእናታችሁ ብትነግሯት በምን አማርኛ ትነግሯት እንደነበር ጻፉ። «ዊ አር ረኒንግ ሎው ኦን ግላቭስ» ብላ ተረኛዋ ተናገረች፤ ከሥሩ «ጓንት ሊያልቅብን ነው»። ሩጫ የሚባል ነገር ገጹ ላይ አይኖርም። አእምሮ የሚይዘው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ቃል በቃል የተተረጎመ ነገር ግን ፈተና እስኪያልፍ ብቻ ይቆያል። በነጋታው ያንኑ ዐረፍተ ነገር አንድ ነገሩን ለውጣችሁ ለሆነ ሰው ተናገሩት። ጓንቱን በወተት ቀይሩት። ሱቅ ሄዳችሁ የምትሉት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው።

ሲደናገረንም መጠየቅ ነው። ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፣ የሚፈጽመው ግን ጥቂት፤ ምክንያቱም «ምን ማለትህ ነው?» ማለት ሰነፍ የሚያስመስል መስሎን «የስ፣ የስ» እንላለን። «የስ» ያለችው እህታችን ወደ ዕቃ ክፍሉ ስትሮጥ የሽማግሌው ትኩሳት ግን አልተመዘገበም። መጠየቅ ያለው ዋጋ ለአንድ ደቂቃ ማፈር ነው፤ ዝም ማለት ያለው ዋጋ ግን በማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ደግሞ አሜሪካዊ ነርስም ሌላ ክፍለ ሀገር ስትሄድ ትጠይቃለች።

ፍጥነቱም አያስጨንቃችሁ። የኦክስፎርድን መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ እትም የመራው ጄምስ መሪ በድህነት ምክንያት በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ የስኮትላንድ ልጅ ነው፤ የቀረውን በራሱ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1879 ሥራውን ሲረከብ በአሥር ዓመት ይጠናቀቃል ተብሎ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ላይ የመጀመሪያዋ ክፍል ስትወጣ ገና «አንት» የሚለው ቃል ጋ ነበሩ፤ ጉንዳን ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን ፊደል እንኳ አልጨረሱም። መሪ በ1915 ሞተ፣ መዝገበ ቃላቱ ያለቀው በ1928 ነው። የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ ይብሳል እንጂ አያንስም፦ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ወረሱት፤ እሳቸውም ሳይታተም ዐረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ትውልድ፣ አንድ መጽሐፍ። እኛ በወር አንድ ቃል ብንል ማን ቸኩሎብን?

የመጀመሪያው ቃል የግድ «ረን» መሆን የለበትም። ሥራችሁ ይምረጥላችሁ። ወጥ ቤት ያለ ሰው «ሰት»ን ቢይዝ ጠረጴዛ ማሰናዳቱም፣ ጄሎው መርጋቱም፣ የምድጃው ሙቀት መስተካከሉም በአንድ ገጽ ይሰበሰብለታል። ቢሮ ያለ «ቴክ»ን ይውሰድ። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ደግሞ «ፑል»ን፦ «ፑል አፕ» ጠጋ በል ነው፣ «ፑል ኢን» ገባ በል፣ «ፑል አውት» ውጣ፣ «ፑል ኦቨር» ዳር ይዘህ አቁም። የመጨረሻውን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ፖሊስ ስለሆነ፣ እሱን መጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፈው።